ሃርድዌር ዋሌት ላፕቶፕ ላይ ስትሰኩ ላፕቶፑን አትመኑት

«ላፕቶፔ ቫይረስ አለው፤ ዋሌቱን ብሰካበት ገንዘቤ ይሄዳል?» ሃርድዌር ዋሌት (የክሪፕቶ ገንዘብ ቁልፍ የሚቀመጥበት ትንሽ መሣሪያ) የገዛ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። አጭሩ መልስ፦ በመሰካት ብቻ አይሄድም። የሚሄደው ከተሰካ በኋላ እናንተ በምታደርጉት ነገር ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሁለቱ የታወቁት ዋሌቶች፣ ሌጀርም ሆነ ትሬዘር፣ ሥራቸው አንድ ነው፤ ገንዘባችሁን የሚያንቀሳቅሰውን ሚስጥራዊ ቁልፍ ከውስጣቸው አያወጡም። መሥሪያ ቤት ውስጥ ማህተም በኃላፊው መሳቢያ ተቆልፎበት እንደሚቀመጠው ማለት ነው። ደብዳቤው ወደ ማህተሙ ይሄዳል እንጂ ማህተሙ ወደ ደብዳቤው አይመጣም። ላፕቶፑ «ለእገሌ ይህን ያህል ይላክ» የሚለውን አዘጋጅቶ በኬብሉ ይልካል፣ መሣሪያው እዚያው ውስጡ ይፈርማል፣ የተፈረመውን ብቻ ይመልሳል። ላፕቶፑ ላይ ምን ዓይነት ቫይረስ ቢርመሰመስ ማህተሙ ጋ አይደርስም።

ታዲያ ሰው እንዴት ይዘረፋል? አንዱ፣ ደብዳቤው ላይ ያለው ስም ተቀይሮበት ሳያነብ ሲፈርም ነው። ሌላው፣ የውሸት አፕ ጭኖ ሚስጥራዊ ቃላቱን (ቁልፉን መልሰው የሚያስገኙትን) በገዛ እጁ ጽፎ ሲያስረክብ። ወይም ደግሞ መሣሪያው ራሱ ከመጀመሪያው የተነካካ ሲሆን። ከዚህ በታች የምጽፈው እነዚህን ቀዳዳዎች ለመድፈን ነው።

ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ የሀገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ባንኩ ያልፈቀደው መሆኑን አስታውቋል። ግዙ፣ ሽጡ እያልኩ አይደለም። ለውጭ ድርጅት ሠርቶ በዩኤስዲቲ (ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን የተሠራ ክሪፕቶ) የተከፈለው ወይም ከድሮ ጀምሮ ትንሽ ቢትኮይን ያለው ሰው እንዳይዘረፍ ነው የምጽፈው። ከተዘረፋችሁ «ገንዘቤን መልሱልኝ» ብላችሁ የምትሄዱበት መስኮት የለም።

እሺ፣ መሣሪያው ከየት መጣ? እኛ ሀገር ብዙው ሰው ከዱባይ በሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ያስመጣል፣ አለበለዚያ ቴሌግራም ላይ «ኦሪጅናል፣ እሽግ» ከሚል ሻጭ ይገዛል። ሁለተኛውን እርሱት። ዘመዳችሁንም ከአምራቹ ድረ ገጽ ወይም አምራቹ ራሱ ስማቸውን ከዘረዘራቸው ሻጮች እንዲገዛ ንገሩት። ያገለገለ ዋሌት በነፃም ቢሰጣችሁ አትቀበሉ።

ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 የኮምፒውተር ደህንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ባለሙያዎች አንድ የውሸት ትሬዘር ሞዴል ቲ ፈተው አይተዋል። ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም። ይሠራልም። ውስጡ ግን ቺፑ ተቀይሯል። አዲስ ቃላት የሚያመነጭ ይመስላል እንጂ የሚሰጠው ሌቦቹ አስቀድመው ካዘጋጇቸው 20 የቃላት ስብስቦች አንዱን ነበር። ባለቤቱ ገንዘቡን ሲያስገባ ቁልፉ ቀድሞውኑ ሌላ ሰው እጅ ላይ ነበር።

ስለዚህ ካርቶኑን ራሳችሁ ክፈቱት። ፒን አብሮት የመጣ ከሆነ፣ ወይም ቃላቱ ቀድመው የተጻፉበት ካርድ ካለ፣ በቃ ነገር አለ፣ አትጠቀሙበት። ጤነኛ መሣሪያ ባዶውን ነው የሚመጣው። ትሬዘር እንዲያውም ፈርምዌር (የመሣሪያው የውስጥ ሶፍትዌር) እንኳ ሳይጫንበት ነው የሚሸጠው፤ የምትጭኑት እናንተ ናችሁ። ሌጀር ደግሞ ካርቶኑ ላይ የደህንነት ስቲከር አይለጥፍም፣ ስለዚህ «ስቲከሩ ተነስቷል» ብላችሁ አትደንግጡ። እውነተኛነቱ የሚታወቀው መጀመሪያ ስትሰኩት አፑ ከውስጡ ቺፕ ጋር በሚያደርገው ፍተሻ ነው። ያንን ፍተሻ አትዝለሉት።

ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። ጉዱ ያለው እዚህ ነው።

ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን አካባቢ ያለን ሰዎች የብዙዎቻችን ላፕቶፕ ያገለገለ ነው። ፎርማት የተደረገው ኮንዶሚኒየሙ ሥር ካለችው ሱቅ ነው። ዊንዶውሱ ክራክ፣ ኦፊሱ ክራክ፣ ክራኩ እንዲገባ ደግሞ ልጁ አንቲቫይረሱን «ያስቸግራል» ብሎ አጥፍቶታል። ልጁ ክፉ ሆኖ አይደለም። ፋይሉን ማን እንደሠራው እሱም አያውቅም፤ ከጓደኛው ተቀብሎ በአንዲት ፍላሽ ሰፈሩን ሁሉ ያዳርሳል፣ በፍላሿ ላይ ያለው ነገርም አብሮ ይዳረሳል።

እንዲህ ባለ ላፕቶፕ ዋሌት መጠቀም ይቻላል? ይቻላል፣ ቁልፉ አይወጣም ብያለሁ። እኔ ግን አላደርገውም። ሁሉንም ነገር መሣሪያው ላይ ካለችው ትንሽ ስክሪን ጋር እያስተያያችሁ መሥራት አለባችሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ ይደክማችኋል ወይም ትቸኩላላችሁ።

ብዙ ወጪ የሌለው መፍትሔ አለ። ኡቡንቱን (በዊንዶውስ ፈንታ የሚሠራ ነፃ ሶፍትዌር) ከራሱ ድረ ገጽ አውርዱ። ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል፣ የሌሊት ፓኬጅ ገዝታችሁ ተኙ። ከዚያ 16 ጊጋ ፍላሽ ላይ ጻፉትና ላፕቶፑን ከፍላሹ አስነሱት። ሳትጭኑ መሞከር የሚለውን ከመረጣችሁ ዊንዶውሳችሁ አይነካም፣ ፋይሎቻችሁም በቦታቸው ናቸው። ፍላሹን የምታዘጋጁበት ኮምፒውተር ግን የሚታመን ይሁን፤ ሱቁ ሄዳችሁ «ጻፍልኝ» ካላችሁ ዞራችሁ እዚያው ናችሁ። ኡቡንቱ ላይ መሣሪያው ቢሰካም አልታይ ካለ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። «ዩዴቭ» የሚባል የፈቃድ ፋይል ይጎድለዋል፣ እሱም አምራቹ ገጽ ላይ ከነአጫጫኑ አለ።

ኡቡንቱ ካልተመቻችሁ ዊንዶውስን ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ ከባዶ ጫኑት። አክቲቬት ባይሆንም ይሠራል። ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ጽሑፍ ይወጣባችኋል። ይውጣ። ከክራክ መቶ እጅ ይሻላል።

የኢንተርኔት ካፌ፣ የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተርና የጓደኛ ላፕቶፕ አይሆኑም። ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም።

አፑን ስታወርዱ ጎግል ላይ ፈልጋችሁ የመጀመሪያውን አትጫኑ። ከላይ የሚመጣው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው፣ ማስታወቂያውን ደግሞ ሌባም ይገዛዋል። አድራሻውን በእጃችሁ ጻፉ፦ ሌጀር ዶት ኮም፣ ትሬዘር ዶት አይኦ። የሌጀሩ አፕ ለዓመታት ሌጀር ላይቭ ይባል ነበር፣ አሁን ሌጀር ዋሌት ተብሏል፤ የትሬዘሩ ትሬዘር ስዊት ነው። «ከታወቀ ስቶር ነው ያወረድኩት» የሚለውም ሁልጊዜ አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2023 የማይክሮሶፍት ስቶር ላይ ራሱ የውሸት ሌጀር ላይቭ ተለጥፎ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ተዘርፎበታል። ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለተለጠፈ ፋይል ደግሞ ባልናገር ይሻላል።

ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ያወረዳችሁትን ፋይል ራይት ክሊክ አድርጋችሁ ፕሮፐርቲስ ውስጥ ዲጂታል ፊርማውን እዩ። የአምራቹ ስም መኖር አለበት። ፊርማ የለውም ወይም የማታውቁት ስም ነው? አጥፉት።

አሁን ስለ ኬብልና መብራት። ከካርቶኑ የወጣውን ኬብል ተጠቀሙ። ከመንገድ ዳር የተገዛ ኬብል ብዙው ቻርጅ ብቻ ያደርጋል፣ ዳታ አያሳልፍም፤ መሣሪያው ይበራል፣ አፑ ግን አያየውም፣ እናንተም ግማሽ ቀን «ምን ሆነ?» ስትሉ ትውላላችሁ። በማከፋፈያ አትሂዱ፣ በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት። መብራትን በተመለከተ ሰፈራችንን ታውቁታላችሁ። ያገለገለ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ደግሞ መብራት ሲሄድ እሱም አብሮ ይሄዳል። ፈርምዌር እየተጫነ ይህ ቢደርስ አብዛኛውን ጊዜ መልሶ ሰክቶ እንደገና በማስጀመር ይስተካከላል። አንዳንዴ ግን መሣሪያው ባዶ ሆኖ ይነሳና ቃላቱን መልሶ ማስገባት ያስፈልጋል። ለዚህ ነው አዲስ መሣሪያ ገና ሳንቲም ሳይገባበት አፕዴት የሚደረገው። በኋላ የሚመጣ አፕዴትን ደግሞ ቃላቱ የተጻፉበት ወረቀት መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አትንኩት።

ቃላቱ ጋ ደረስን። መሣሪያውን ስታስጀምሩ ቃላት ያሳያችኋል። ሌጀር 24 ይሰጣል፣ ትሬዘር እንደ ሞዴሉ 12፣ 20 ወይም 24። ሁሉም የእንግሊዝኛ ቃላት ናቸው። በብዛት የሚሠራበት ዝርዝር 2048 ቃላት አሉት፣ የመጀመሪያዎቹን አራት ፊደላት ካወቃችሁ ቃሉ የትኛው እንደሆነ ይለያል፤ ስለዚህ የእጅ ጽሑፋችሁ መጥፎ ቢሆንም አራቱን በደንብ ጻፉ። በእስክሪብቶ፣ በወረቀት፣ ከነተራ ቁጥራቸው።

ፎቶ አታንሱ። ስልካችሁ ፎቶውን ወዲያው ጎግል ፎቶ ላይ ሊጭነው ይችላል። ቴሌግራም «ሴቭድ መሴጅ» ላይ አታስቀምጡ፤ ይህ የብዙዎቻችን በሽታ ነው፣ መታወቂያውም ፓስዋርዱም ሁሉም እዚያ ነው። ላፕቶፕ ላይ አትጻፉ፣ ለራሳችሁ ኢሜይል አትላኩ። ቃላቱን ያገኘ ሰው መሣሪያው አያስፈልገውም፣ ፒኑም አያስፈልገውም፣ አሥመራም ሆነ ማኒላ ተቀምጦ ገንዘቡን ይወስዳል።

ወረቀቱን ከመሣሪያው ጋር አንድ ቦታ አታድርጉ። የቤት ካርታና ውል የምታስቀምጡበት ቦታ ይሻላል፣ በላስቲክ ጠቅልሉት። የላይኛው ፎቅ ነዋሪ ቧንቧ ከፍቶ ረስቶ መተኛቱ ኮንዶሚኒየም ለኖረ ሰው አዲስ አይደለም። ለምታምኑት አንድ ሰው ወረቀቱ መኖሩን ንገሩ፣ ይዘቱን አይደለም።

ፒኑን የልደት ዓመታችሁን ወይም የስልካችሁን የመጨረሻ አራት ቁጥር አታድርጉት። ሌጀር ሦስት ጊዜ ከተሳሳታችሁ ውስጡ ያለውን ሁሉ ያጠፋል፣ ትሬዘር ከዚያ በላይ ይታገሣል። ቢጠፋም አትደንግጡ፣ ወረቀቱ ካለ ገንዘቡ አለ። የድሮው ትሬዘር ሞዴል ዋን ላይ የምወደው ነገር አለ፦ ቁጥሮቹ ተዘበራርቀው መሣሪያው ስክሪን ላይ ይወጣሉ፣ ላፕቶፑ ላይ ግን ባዶ ነጥቦች ብቻ ናቸው የሚታዩት። ቦታውን እያያችሁ ነጥቦቹን ትጫናላችሁ። ኪቦርድ የሚሰልል ቫይረስ ምንም አያገኝም።

ከዚያ ብዙ ሰው የሚዘለው ሥራ አለ። ገንዘብ ሳይገባ መሣሪያው ውስጥ ያለውን ራሳችሁ አጥፉና ከወረቀቱ መልሱት። ለማጥፋት ሌጀር ከሆነ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ፒን ማስገባት ይበቃል፣ ትሬዘር ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የማጥፊያ ቁልፍ አለ። መጀመሪያ የመቀበያ አድራሻውን መዝግቡ፤ ከመለሳችሁ በኋላ ያው አድራሻ ከወጣ ወረቀታችሁ ልክ ነው። አንድ ቃል ተሳስታችሁ ከሆነ ዛሬ ማወቁ ይሻላል። ቃላቱን ስትመልሱ መሣሪያው ላይ ብቻ አስገቡ። ከዚህ ውጪ የሆነው ያው ሞዴል ዋን ነው፤ እሱ ቃላቱን በላፕቶፑ በኩል ተራቸውን አዘበራርቆ ሊጠይቅ ይችላል፣ ስለዚህ እሱ ላይ «አድቫንስድ ሪከቨሪ» የሚለውን ምረጡ። ከዚህ በስተቀር ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ «ቃላቱን አስገባ» የሚል ሳጥን ከመጣ፣ ሌባ ነው። አፑ ምንም ያህል ቢያምር ሌባ ነው።

አሁን ገንዘብ መቀበል። አፑ ላይ «ሪሲቭ» ስትሉ አድራሻ ላፕቶፑ ላይ ይወጣል። ያንን ኮፒ አድርጋችሁ አትሩጡ። መሣሪያውም ያንኑ አድራሻ በራሱ ስክሪን ያሳያል፣ እውነተኛው የእሱ ነው። ኮፒ ያደረጋችሁትን አድራሻ በራሱ የሚቀይር ቫይረስ አለ፤ ኮፒ ያደረጋችሁት አንድ፣ ፔስት የሚሆነው ሌላ።

የአክስቴ ልጅ ከውጭ የመጀመሪያ ክፍያዋን ስትቀበል ኮዬ ፈጬ ቤቷ ቁጭ ብለን እንዲህ አደረግን። እሷ ለከፋዩ በቻት ልትልከው ፔስት ያደረገችውን ከላፕቶፑ ታነባለች፣ እኔ መሣሪያውን ይዤ የቀኙን ቁልፍ እየተጫንኩ እከተላለሁ። «ትልቋ ቲ፣ ትንሿ ኤክስ፣ ሰባት፣ ትልቋ ኬ...» የትሮን (ዩኤስዲቲ የሚላክበት አንዱ ኔትወርክ) አድራሻ 34 ፊደልና ቁጥር ነው፣ ትልቅና ትንሽ ፊደል ደግሞ ይለያያል። መሃል ላይ ሲደርስ «ጫፍና ጫፉ አይበቃም እንዴ ወንድሜ?» አለች። አይበቃም። ሌቦች ጫፍና ጫፉ ከእናንተ አድራሻ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ ያመርታሉ፣ ከዚያ ትንሽ ሳንቲም ልከው ታሪካችሁ ውስጥ ይገባሉ፣ እናንተም በሚቀጥለው ከታሪክ ላይ ኮፒ ስታደርጉ የእነሱን ታነሳላችሁ። መሃሉም ይነበብ። ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ከዚያም ከፋዩ መጀመሪያ ጥቂት ዶላር ይላክ፣ ሲደርስ ቀሪው ይከተል።

በነገራችን ላይ መሣሪያው የምትጠቀሙበትን ኔትወርክ መደገፉን ከመግዛታችሁ በፊት አምራቹ ገጽ ላይ አረጋግጡ። ዩኤስዲቲ ትሮን ላይም ኢቴሪየም ላይም አለ፣ አድራሻቸው አንድ አይደለም። ትሮን ላይ ያለውን ለመላክም የኔትወርኩን የራሱን ሳንቲም ትንሽ ለማስተላለፊያ ክፍያ መያዝ አለባችሁ፣ አለበለዚያ ገንዘቡ ዓይናችሁ እያየ ፍንክች አይልም።

መላክ ላይ ሕጉ ያው ነው፦ ላፕቶፑ ያለውን ሳይሆን መሣሪያው ያለውን እመኑ። አድራሻው፣ መጠኑ፣ ክፍያው። አንዱ ካልተስማማ እምቢ በሉ። ሳያነቡ ማህተም መምታት ምን እንደሚያደርግ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ባይቢት በተባለው የክሪፕቶ መገበያያ ላይ ታይቷል። ፈራሚዎቹ ሃርድዌር ዋሌት ነበራቸው። ኮምፒውተራቸው ላይ የሚታየው ዝውውር ትክክል ይመስል ነበር፣ የፈረሙት ግን ሌላ ነበር፤ ወደ 1.5 ቢሊዮን ዶላር ሄደ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ የሰሜን ኮሪያ ሰዎች ናቸው ብሏል። መሣሪያው የምትፈርሙትን በግልጽ ማሳየት ሳይችል ሲቀር «ብላይንድ ሳይኒንግ» ፍቀዱ ይላችኋል። እኔ አጥፍቼው ነው የማስቀምጠው። የግድ የሚያስፈልገው ሰው ለዚያ የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ያለበት ሌላ አካውንት ይክፈት።

ከጨረሳችሁ አፑን ዝጉና ንቀሉት። መሣሪያው እንደተሰካ፣ ፒኑ እንደተከፈተ ጥላችሁት ቡና ልትጠጡ አትውረዱ።

ከዚያ በኋላ የሚመጡት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2020 የሌጀር የደንበኞች መረጃ ወጥቶ ከ200 ሺህ በላይ ሰዎች ስማቸው፣ ስልካቸውና የቤት አድራሻቸው ሳይቀር ተበትኗል። ዋሌቶቹ አልተነኩም። ግን ለእነዚያ ሰዎች የውሸት ኢሜይል ጎረፈ፣ ለአንዳንዶቹ እንዲያውም «የቀድሞው አደጋ አለው፣ ይህን ተጠቀሙ» የሚል ደብዳቤ ያለው የውሸት መሣሪያ በፖስታ እስከ ቤታቸው ድረስ መጣላቸው። እኛ ጋ በፖስታ አይመጡም። ቴሌግራም ላይ ጥያቄ በጠየቃችሁ በደቂቃ ውስጥ «አድሚን ነኝ፣ ልርዳህ» ብለው በውስጥ መስመር ይመጣሉ። ኤኒዴስክ (ኮምፒውተራችሁን ከሩቅ የሚያዙበት አፕ) ጫን ይላሉ። አምራቹ ቀድሞ በውስጥ መስመር አይጽፍላችሁም፣ ቃላቱንም በፍጹም አይጠይቅም። ብሎክ አድርጉ፣ አትከራከሩ።

ቃላቱን ቀድማችሁ ላፕቶፕ ወይም ስልክ ላይ ጽፋችሁ ከሆነስ? ዛሬውኑ ሌላ ንጹህ ላፕቶፕ ላይ መሣሪያውን አጥፍታችሁ አዲስ ቃላት ማስወጣትና ገንዘቡን ወደ አዲሱ አድራሻ ማዛወር ነው። ችግሩ፣ መሣሪያው አንድ ብቻ ከሆነ አሮጌው ከጠፋ በኋላ ከምን ትልካላችሁ? ስለዚህ ተራው እንዲህ ነው፦ መሣሪያውን አጥፍታችሁ አዲሶቹን ቃላት አውጡ፣ ጻፏቸው፣ የመቀበያ አድራሻውን ከመሣሪያው ስክሪን ላይ በወረቀት መዝግቡ። ከዚያ እንደገና አጥፉትና በአሮጌዎቹ ቃላት መልሱት፣ ገንዘቡን ሁሉ ወደ መዘገባችሁት አድራሻ ላኩ፣ በመጨረሻ አዲሶቹን ቃላት መልሳችሁ አስገቡ። የራሳችሁ ሁለተኛ መሣሪያ ካላችሁ ሥራው በግማሽ ይቀላል። ፒን መቀየር ብቻውን ምንም አያደርግም፤ የወጡት ቃላቱ ናቸው።